እርጥብ ጠፍር

ፈንታ ሚስቱን ይወድ ነበር። ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፤ ኋላ የሚሠራውን ሥራ የሚሰማ ሰው ጠላቷ ነበር ወይ ብሎ እንዳይጠይቅ። ይወዳታል። ግን አወዳደዱ እንደ ንፉግ ሰው አበላል ነበር፤ ገበታውን በክንዱ ከልሎ፣ በሩን በዓይኑ እየጠበቀ። ሐረገ ወይን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ እሱ አርባን አልፏል። ገበያ ስትወርድ ይከተላታል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከወንዶቹ በር ቆሞ ወደ ሴቶቹ በር ያፈጣል፤ አንድ እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ሲበተን እሱ እንደ ቆመ ቀርቶ ዲያቆኑ ስቆበታል። ሐረገ ወይን ደግሞ ሳቅ የሚቀናት ሴት ናት። የፈንታ ጭንቅ ይኸው ነበር፤ ቤት ውስጥ ስትስቅ ደስ ይለዋል፣ ደጅ ስትስቅ ማን እንዳሳቃት ዞሮ ይፈልጋል።

ነገሩ የሆነው በንግሥቲቱ ዘመን፣ በጥር ወር፣ ከወገዳ በላይ ባለች አንዲት የስማዳ መንደር ነው። ገብስ እየተወቃ ነበር። ሐረገ ወይን ለወቂዎቹ ምሳ ይዛ ወደ አውድማው ስትጠጋ አንዱ በሬ ከዙሩ አፈንግጦ ገፋትና በግራ ክንዷ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ፈንታ መንሹን እንደ ያዘ የአጥንቱን ድምፅ ሰማ። ያን ዕለት ከእሱ በላይ የጮኸ ሰው አልነበረም፤ ወጌሻ ጥሩልኝ እያለ ሲሮጥ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ነው የደረሰው።

ወጌሻው ደሴ ይባላል። የእስቴ ሰው ነው፤ ሚስቱን በወሊድ ቀብሮ አገሩን ጠልቶ ወደ ወገዳ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዝምተኛ ነው። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ የተሰበረውን ሲዳስሱ የሚሰሙ እንጂ የሚነኩ አይመስሉም ነበር። ክንዷን ስቦ አጥንቱን ገጠመ፣ በጨርቅ ጠቀለለ፣ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ዙሪያውን ደርድሮ በገመድ አሰረው። ሲጨርስ ሁለት ጣቱን ከገመዱ ሥር አስገብቶ አወጣ።

«ከእንግዲህ ያብጣል» አለ። «ክንድ ሲያብጥ ገመዱ አብሮ አይሰፋም። እየመጣሁ አላላዋለሁ። ሌላ ሰው ግን እንዳይነካው፣ ያለ ልክ ከተፈታ አጥንቱ ይሸሻል።»

ፈንታ እጁን ሊስም ምንም አልቀረው። ያ የመጀመሪያው ቀን ነው።

በሁለተኛው ቀን ፈንታ ለበሬዎቹ ውኃ ሊያጠጣ ከአውድማው ሲመለስ በቤቱ በር በኩል አየ። ደሴ መደቡ ሥር ተንበርክኮ የሐረገ ወይንን ጣቶች አንድ በአንድ ይዟል።

«ይኸ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«ይኸስ?»

«እሱም።»

«አውራ ጣትሽን ወደ ላይ አንሺልኝ። አሁን ጣቶችሽን ዘርጊያቸው።»

ትንሿ ጣት ላይ ሲደርስ ሐረገ ወይን ሳቀች። «ኧረ ትኮረኩረኛለህ!» አለች።

ደሴ ይህን ያላደረገለት በሽተኛ የለም። ገመድ ክንድን ሲያንቅ አስቀድሞ የሚጠፋው ስሜት ነው፤ ከዚያ ጣቱ አልነሣ ይላል፤ ደሙ የሚጠቁረው ከሁሉ በኋላ ነው። የፈንታን ጎረቤት የሽማግሌውን እግር ባሰረ ጊዜ የእግራቸውን ጣቶች እንዲሁ አንድ በአንድ እየቆነጠጠ ጠይቋል፣ ፈንታም በዚያ ቆሞ አይቷል። ግን የሽማግሌ እግር የሽማግሌ እግር ነው። አሁን ያየው የሚስቱን ጣት የሚቆጥር ወንድና የምትስቅ ሚስት ነበር። ደሙ ወደ ራሱ ወጣ።

«ጨረስህ?» አለ ከበሩ።

«ለዛሬ ጨርሻለሁ፣ አያ ፈንታ። ዋናው ነገ ነው። እብጠቱ የሚበረታው ነገ ነው፣ በጠዋት እመጣለሁ።»

ነገ እመጣለሁ ማለቱ ፈንታን ወጋው። በሐረገ ወይን ፊት ላይ አንዳች ነገር ፈለገ፣ ያገኘው የድካም ፊት ነበር፤ ቅናት የያዘው ሰው ግን ከድካምም ውስጥ ናፍቆት ፈልቅቆ ያወጣል። ማታ እራቱን አልበላም። የተኙትም መሬት ላይ ነበር፤ የአልጋቸው ጠፍር አርጅቶ ስለ ተበጠሰ ፈንታ አዲስ የበሬ ቆዳ ጠፍር ገበቴ ውስጥ ዘፍዝፎ ነበር። ጠፍር እርጥብ ሆኖ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና አልጋው እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ይህን በስማዳ የማያውቅ ሰው የለም። ፈንታ ደግሞ በመንደሩ አልጋ በመጠፈር የታወቀ ነው።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ደሴ ገና ከአጥሩ በር ሲደርስ ፈንታ ዱላውን አጋድሞ ጠበቀው።

«በሕግ አምላክ! ከዚህ እንዳታልፍ!»

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አንዲት እርምጃ አይራመድም። ደሴ ቆመ። ምን እንዳጠፋ ቢጠይቅ ፈንታ አልመለሰለትም፤ እየነዳ ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ ቸኮል ቤት ወሰደው።

ቸኮል ቁርሱን እየበላ ነበር። ሰው ሲጣላ የምግብ ፍላጎቱ የሚዘጋበት ዓይነት ሹም አይደለም።

«ምን አየህ?» አለው ፈንታን።

«የሚስቴን እጅ ይዞ ሲያስቃት አየሁ።»

«አጥንት የሚጠግን ሰው እጅ ሳይዝ ምን ይያዝ ታዲያ?» አለ ሹሙ።

«እጅ መያዝና ጣት መቁጠር አንድ ነው እንዴ? እኔ እዚህ አልከራከርም። አርብ ገበያ ከተማ ካለው ችሎት ድረስ ወስጄ እከሰዋለሁ!»

ቸኮል እጁን ታጠበ። የትዳር ነገር ያደክመዋል፤ አርብ ገበያ መላክ ደግሞ ከራስ ላይ ማውረድ ነው። «ነገ ዓርብ ነው፣ ችሎት ይውላል። ዛሬውኑ መንገድ ግቡ። እንደ ደንቡ ተቆራኝታችሁ ትሄዳላችሁ፣ የጋቢያችሁን ጫፍ ከጫፍ ቋጥሩ። ቢላዋም ጩቤም ያላችሁ ለእኔ ስጡኝ» አለ። ሁለቱም ቢላዋቸውን ሰጡ። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝቶ ሲሄድ ስለት አይዝም፤ በመንገድ ደም እንዳይፋሰስ ነው።

ፈንታ ግን ጋቢ አልበቃውም። ጋቢ ይቀደዳል አለ። በቤቱ በኩል ሲያልፍ ገባና ከገበቴው የአልጋውን ጠፍር ውኃው እየተንጠባጠበ አወጣ። የደሴን ቀኝ እጅ ከአንጓው፣ ቀጥሎ ከክርኑ በላይ ጡንቻው ሥር፣ ጥርሱን ነክሶ ሦስት ሦስት ዙር አጠበቀው። ጫፉን ከራሱ ግራ እጅ ጋር አሰረ፤ በራሱ በኩል ሲሆን ግን የጋቢውን ጫፍ ከሥር አነጠፈ።

«አያ ፈንታ» አለ ደሴ ቀስ ብሎ። «ይኸ እርጥብ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ ፈንታ።

እውነቱን ነው፣ ያውቃል።

«እሺ፣ እኔን እንዳሻህ አድርገኝ። ከመሄዳችን በፊት ግን የእሷን ላላላው። አንድ አፍታ ነው። ዛሬ ካልላላ አይሆንም።»

ሐረገ ወይን ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ከበሩ ወጥታ ቆማ ነበር። ፊቷ በርቶ የማያውቅ ያህል ጠቁሯል። «ምን ሆኑብኝ እርስዎ? ሰውየውን ምን አደረገ ብለው ነው የሚያስሩት?» አለች ባሏን።

ሰውየውን ማለቷ ለፈንታ በቃው። ዓይኑ ምንም አላይ አለ። «ጊዮርጊስን! እኔ ሳልመለስ ያ የክንድሽ ገመድ ከተፈታ፣ ማንም ይፍታው ማን፣ አንቺ ሚስቴ አይደለሽም!» አለ።

ሐረገ ወይን ረጅም ጊዜ አየችው። «እሺ» አለች። «አይፈታም።» ገብታም መደቡ ላይ ተቀመጠች።

መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ጥላ የለውም፤ የጥር ፀሐይ ደግሞ ከረፋዱ ጀምሮ የሚያቃጥል ነው። ፈንታ ከፊት ይሄዳል፣ ደሴ እንደ ጥጃ ይጎተትበታል። መጀመሪያ ላይ ፈንታን ደስ አለው። ያን እጅ፣ ጣት የሚቆጥረውን እጅ፣ በመዳፉ እንደ ያዘው ተሰማው።

«ስንት ጊዜ ነካሃት?» አለ።

«ሁለት ጊዜ። ያሰርሁ ዕለትና ትናንት።»

«ምን ብለህ ነው ያሳቅሃት?»

«እኔ ምንም አላልሁ። ትንሿ ጣት ትኮረኩራለች፣ አያ ፈንታ። ሽማግሌም ይስቃል፣ ቄስም ይስቃል።»

«የምትቀልድ መሰለህ!»

አንድ ቁልቁለት ወረዱ። ትንሽ ቆይቶ ደሴ፣ «አውራ ጣቴ ደነዘዘ» አለ። ፈንታ አልሰማ አለ። ሌላ ቁልቁለት ወረዱ። «ክንዴ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ከክርኔ በላይ ያለውን ብቻ አላላልኝ። በዚያ በኩል የእጅ ሥር ከአጥንቱ ላይ ተጋድሞ ነው የሚያልፈው፣ ገመድ ከተጫነው ይሞታል። እኔ በዚያ ቦታ ሰው አስሬ አላውቅም፤ በሌላውም ቦታ ቢሆን ቢላዋ አጠገቤ ሳላስቀምጥ አላስርም።»

«ልታመልጥ ነው።»

«ወዴት ላምልጥ? ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ወጌሻ ነኝ።»

ፀሐይዋ ወደ ላይ ወጣች። ጠፍሩ መንጣት ጀመረ። ፈንታ የገዛ እጁን የያዘው ሳይቀር ጋቢውን አልፎ ሲቆነጥጠው ተሰማው፤ ተሰማውና መንገዱን ቀጠለ። ደሴ እንደገና ተናገረ፣ ድምፁ አሁን ከቅድሙ የተለየ ነበር።

«ጉንዳኑም ቀረ። ምንም አይሰማኝም። አያ ፈንታ፣ ስማኝ፣ የምለምንህ ለእኔ ብቻ አይደለም። በእኔ ክንድ አሁን የሆነው በእሷም ክንድ እየሆነ ነው። ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ እብጠቱን አውቀዋለሁ። እስከ አሥር ሰዓት ካልላላ የሐረገ ወይን እጅ አይተርፍም። በአንድ እጅ የምትኖር ሴት ትሆናለች።»

ፈንታ ይህን ሲሰማ ምን ተሰማው ቢባል፣ ድንጋጤ አይደለም። ቅናት ነው። ይህ ሰው የራሱ እጅ እየሞተ ስለ እሷ ይለምናል። ስለ ሚስቴ ከእኔ በላይ የሚጨነቅ ወንድ እንዴት ይኖራል? እኔ ትናንት ማታ ክንድሽ እንዴት ነው ብዬ ጠይቄያታለሁ? አልጠየቅኋትም። እሱ ግን ጣቷን ሁሉ ጠይቋል። ይህ ሐሳብ አናደደውና ጠፍሩን በኃይል ሳበው።

«ስሟን አትጥራ!» አለ።

እኩለ ቀን ሲሆን ከወንዙ ደረሱ። ከዳር ካለው ሾላ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ከጋይንት ቤተ ልሔም ዘመድ ጥየቃ የሚመጡት መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ናቸው፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል። የሁለቱን ሁኔታ አይተው ምንም አልጠየቁም። ቁራኛ በመንገድ ማየት ብርቅ አይደለም። ቁጭ በሉ አሏቸውና ከስልቻቸው ቆሎ ዘገኑ።

ለፈንታ በቀኝ እጁ ሰጡት። ለደሴም ሰጡት። ደሴ እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ክንዱ ወጣ፣ እጁ ግን አልተከተለውም። ከአንጓው ታጥፎ እንደ ታረደ ዶሮ አንገት ተንጠለጠለ። ቆሎው ድንጋዩ ላይ ተበተነ።

«እጅህን ቀና አድርግ እንጂ፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ።

«እምቢ አለኝ፣ አባቴ።»

ደሴ ደግሞ ሞከረ። ዓይኑን እጁ ላይ ተክሎ፣ ግንባሩን አልቦት፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ እያዘዘው ሞከረ። ጣቶቹ ጫፋቸው ሳይነቃነቅ ቀረ። ጠዋት ጭቃ ሹሙ ፊት እንኳ ያልተከራከረ ያ ዝምተኛ ሰው እንባው ወረደ፣ በግራ መዳፉም ጠረገው።

ፈንታ ያን እጅ ያን ጊዜ ገና አየው። ጠዋት ሙሉ ሲጎትተው የዋለውን እጅ አንድም ጊዜ ዞሮ አላየውም ነበር። አመድ መስሏል፣ አብጧል፣ ጠፍሩ ከሥጋው ውስጥ ገብቶ ጠርዙ ብቻ ይታያል። ስለ ክንዱ የነገረው ሁሉ እውነት ከሆነ ስለ ሐረገ ወይንም የነገረው እውነት ነው። እሷ ደግሞ እሺ ብላለች። ፈንታ ሚስቱን ያውቃታል፤ እሺ ካለች እሺ ነው፤ እጇ ቢወድቅ አታስፈታውም።

«ወየው!» ብሎ በቋጠሮው ላይ ተደፋ።

ቋጠሮው ግን የአልጋ ጠፋሪ ቋጠሮ ነው፤ እርጥብ ሳለ ተስቦ፣ ፀሐይ ደግሞ አድርቆት ቀንድ ሆኗል። በጥፍሩ ቧጠጠው፣ ጥፍሩ ተገለበጠ። በጥርሱ ያዘው፣ አፉ ደማ። ቢላዋው ቸኮል ቤት ነው። ድንጋይ አንሥቶ ሊመታው ሲል ደሴ፣ «ተው! አጥንቴን ትጨርሰዋለህ» አለው። ፈንታ መሪጌታ እግር ሥር ወድቆ፣ «ስለት! አባቴ፣ ስለት ያለው ነገር!» እያለ ጮኸ።

መሪጌታ ከስልቻቸው ቀለም ቀንዳቸውን ወደ ጎን አድርገው ብርዕ የሚቀርጹበትን ትንሽ ካራ አወጡ። ካራዋ ለሸምበቆ እንጂ ለጠፍር የተሠራች አይደለችም፤ ዕድሜዋም እንደ ባለቤቷ ነው። አንዱን ዙር ለመቁረጥ ምን ያህል እንደ ፈጀ ፈንታ ሕይወቱን ሙሉ ሲያወራው ይኖራል። የላይኛው ሲበጠስ ደሴን አላመመውም፤ አለማመሙ ነበር የሚያስፈራው።

የአንጓውም ተቆርጦ ሲላቀቁ፣ «አሁን ሩጥ» አለ ደሴ። «ሩጥ፣ እኔ እደርስብሃለሁ። ግን እኔ ሳልደርስ እንዳትነካው።»

የወረዱትን ቁልቁለት ሽቅብ ሮጡት። ደሴ የሞተ እጁን በጋቢው ውስጥ ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ኋላ አልቀረም። መንደር ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሴቶች ደጁ ላይ ተሰብስበው ያለቅሳሉ፤ እንፍታልሽ ሲሏት ባሌ በጊዮርጊስ ምሏል እያለች ከልክላቸዋለች። ሐረገ ወይን መደቡ ላይ ነጭ ሆና ተጋድማለች። ከሸምበቆው የወጡት ጣቶቿ እንደ በሰለ አጋም ጠቁረው ነበር።

ደሴ ሊፈታ እጁን ዘረጋ። አልሆነም። ከዚያ ፈንታን አየው።

«አንተ ነህ የምትፈታው። ከታች ጀምር። በአንድ ጊዜ አይደለም። እኔ አጥንቱን በግራዬ እደግፋለሁ።»

ፈንታ መደቡ ሥር ተንበርክኮ ከታች ጀመረ። ሃያ አልጋ የጠፈሩ ጣቶች አንዲት የገመድ ቋጠሮ አቃታቸው። ደሴ በጆሮው፣ «ቀስ፣ አሁን ሁለተኛውን፣ ትንሽ ቆይ፣ ደሙ ይግባ» ይለዋል። ሲላላ ሐረገ ወይን መንደሩን የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኸች።

«ጩኺ» አላት ደሴ። «ጩኺ፣ እህቴ። ማመሙ ደግ ነው።»

ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ሲለቅ ዓይኗን ገልጣ አስቀድማ ያየችው የደሴን ቀኝ እጅ ነው፤ ከአንጓው ታጥፎ መደቡ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። «እጅህን ምን ነካው?» አለች።

ደሴ እጁን በጋቢው ሸፈነ። «እኔ ነኝ» አለ ፈንታ። ከዚያች ቀን በኋላ ሐረገ ወይን ባሏን ለብዙ ሳምንት ከሚያስፈልገው ቃል በላይ አልተናገረችውም።

መሪጌታ ገብረ ሚካኤል በማግሥቱ መንደር ደርሰው ከቸኮልና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። አርብ ገበያ የሚባል ነገር ቀረ። ፈንታ ጥፋቱን አመነ፣ በሬዬን ልስጠው አለ። «በሬ ምን ያደርግለታል?» አሉ መሪጌታ። «ይህ ሰው እናት የለው፣ ሚስት የለው፤ በአንድ እጁ እንጀራ እንኳ አይጋግርም። እጁ እስኪነሣ ድረስ በቤትህ ተቀምጦ ታስታምመዋለህ። ፍርዱ ይኸ ነው።»

ፈንታ ሁለት በሬ ልስጥ አለ። አልሰሙትም። ደሴም አይሆንም ብሎ ነበር፣ ግን ቀበቶውን መታጠቅ ያቃተው ሰው ነው፤ መሄጃም አልነበረው።

እንዲህ ሆኖ ፈንታ ከአጥሩ በር ያባረረውን ሰው በገዛ እጁ ጓዙን ተሸክሞ አስገባው። በየማለዳው ያ እጅ በኑግ ዘይት ይታሻል። ፈንታ አሽቶት ነበር፣ መጀመሪያ ሰሞን፤ መዳፉ እንደ ሞፈር የሻከረ ስለ ሆነ የደሴን ቆዳ ላጠው። ከዚያ የሐረገ ወይን ክንድ ሲጠገን እሷ ተረከበችው። ፈንታ ምሰሶው ሥር ይቀመጥና ያያል። ሚስቱ የሰውየውን ጣት አንድ በአንድ ይዛ፣ «ይኸ ይሰማሃል?» ትላለች። ምን ይበል? ፍርድ ነው።

ስብራት ደግሞ የወጌሻ እጅ እስኪድን አይጠብቅም። ከጋይንትም ከእስቴም ሰው በቃሬዛ ይመጣል። ደሴ ይናገራል፣ ሐረገ ወይን ታስራለች። በዚህም ፈንታ ለመቅደም ሞከረ፤ የመጀመሪያው በሽተኛ፣ «ኧረ ይህን ሰው አንሡልኝ!» ብሎ ጮኸና ተወው። እሷ ግን ተወልዳበት ነው የምትመስለው። በመጀመሪያው ወር ደሴ፣ «ከአንጓው በላይ ጀምሪ፣ ሁለት ጣትሽን አስገቢ፣ ቢላዋው የት አለ?» ይላት ነበር። በሁለተኛው ወር «ከአን...» ሲል ትጨርስለታለች። በሦስተኛው ወር አይናገርም፤ ያያታል፣ ታየዋለች፣ ገመዱ ይላላል። ፈንታ በዚያ ቤት ውኃ ቀጂና ሸምበቆ ሰንጣቂ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ አንጀቱን የሚያሳርረው መሳቃቸው አልነበረም፤ አይስቁም ነበርና። ሳቅ ቢሆን ኖሮ ያውቅበታል።

ስለዚህ በስማዳ የደሴን እጅ መዳን እንደ ፈንታ የተመኘ ሰው አልነበረም። ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳለ። ጸበል በቅል እየቀዳ አመጣለት። ሲጸልይ ያዩት ሁሉ ደግ ሰው ነው አሉት፤ ልቡን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ማታ ማታ፣ «እስቲ አንሣው፣ እስቲ ሞክር» እያለ ያን እጅ ከባለቤቱ በላይ ይጠብቀው ነበር።

በግንቦት ልደታ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ሐረገ ወይን እያሸችው ሳለ፣ የደሴ እጅ ከአንጓው ትንሽ ቀና አለ። ወደቀ። ደግሞ ቀና አለ። ፈንታ፣ «ተመስገን! ዳነ! ዳነ!» ብሎ እየዘለለ ለመንደሩ ሊናገር ወጣ። ሲመለስ ሁለቱም እንደ ተዋቸው ናቸው። ደሴ መሬት መሬት ያያል። ሐረገ ወይን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋለች። ከደስታ ነው አለ ፈንታ በልቡ፤ ሴት ከደስታም ታለቅሳለች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እጁ ገመድ ለመቋጠር በቃ። ደሴ ወደ እስቴ፣ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ተናገረ። ፈንታ ስንቁን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ እስከ ወንዙ ሸኘው፣ ይቅር በለኝም አለው፣ ከልቡ ነበር። ደሴ አቅፎ ሳመውና፣ «ይቅር እንባባል፣ አያ ፈንታ። አንተም ይቅር በለኝ» አለ። ፈንታ ይህን መልስ እንደ ትሕትና ቆጠረው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ ቀለለው። ቤቱ ቤቱ ሆነ፣ ሚስቱ ሚስቱ። ሐረገ ወይን ደጁ ላይ ተቀምጣ ለዘር የሚሆን ገብስ በሰፌድ ታበጥራለች። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ስላለፈ፣ ከጥር ጀምሮ ሲያብሰለስለው የቆየውን ነገር ያለ ፍርሃት ሊያወጣው ፈለገ። መልሱን ያውቀዋል፤ ከአፏ መስማት ብቻ ነው የቀረው።

«ሐረግ» አለ። «አሁን ምንም አልልሽም፣ ጊዮርጊስን። ያን ጊዜ፣ ጥር ላይ፣ በአንቺና በእሱ መካከል የሆነ ነገር ነበር?»

ሐረገ ወይን ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። በወንዙ በኩል ያለውን መንገድ አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች፤ ሳትቆጣም ሳትፈራም ነበር ያየችው።

«ጥር ላይ?» አለች። «ጥር ላይስ ምንም አልነበረም።» ሰፌዷን አንሥታም ገብሱን ማበጠሯን ቀጠለች።